ሁለት ጥይት በአንድ ዝናር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መሐል ሜዳ መናኸሪያው አጠገብ ፀሐይ ለመሞቅ በተቀመጥኩ ቁጥር ጠያቂ አላጣም። ጤናዬን እንዳይመስላችሁ። «ጋሽ ደጀኔ፣ ከረጅሙና ከአጭሩ የትኛው ይሻላል?» ነው የሚሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ገደል ስወጣ ስወርድ ያለቀውን ጉልበቴን ማንም አይጠይቀኝም። ወሬው የጥይት ከሆነ ግን አገሩ ሁሉ ዘመዴ ነው።

መልሴ አንድ ነው፤ «ሁለት ወዶ አይሆንም።» ይህን ስላቸው ጥያቄውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። አልሸሸሁም። ይህ መልስ እስኪገኝ የአንድ ሰው ዓይን ጠፍቷል። የዚያው ሰው ልጅ ደግሞ በቅርቡ በዚያው መንገድ ልትሄድ ስትል ነው የደረስንባት። ከሥራ ዘመኔ ሌላም ብዙ የማወራው አለኝ፤ ከሁሉ በላይ ያደከመኝና ያልለቀቅሁት ግን ይህ ነገር ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። ዛሬ ጊዜ ጠመንጃ የሚባል ቃል ሲነሳ ሰው ግራ ቀኙን ያያል። የእኔ ወሬ የአውሬ ወሬ ነው። ሌላ የፈለገ ሌላ ቤት ይጠይቅ።

መጀመሪያ የአደን ድርጅት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ኋላ የወረዳ የዱር እንስሳት ጥበቃ ስካውት ሆንኩ። ስካውት ማለት አውሬውን ከሰው፣ ሰውንም ከአውሬው የሚጠብቅ ማለት ነው። በጎቹን ነብር የጨረሰበት ገበሬ ጦር ይዞ ሲነሳ ከፊቱ ቆሞ የሚለምነው ስካውቱ ነው። ነብሩ ሰው መድፈር የጀመረ ዕለት ደግሞ ፈቃድ ተጽፎለት ገደል የሚወርደው ያው ስካውት ነው። በዚህ የተነሳ ሁለቱም ወገን አይወደንም። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ «ይኼ ደመወዝ ነው ወይስ መታሰቢያ?» ብላኛለች፤ እሱ ይበቃል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጥይቶቹን ላስተዋውቃችሁ። በወረቀት ላይ ሠላሳ ዜሮ ስድስትና ሦስት መቶ ስምንት ይባላሉ። በእኛ አገር ጥይት የሚጠራው ይዞት በመጣው ጠመንጃ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የኤም ዋን፣ ሁለተኛው የኤም አሥራ አራት ጥይት ነው። ሁለቱም በወታደር እጅ ገቡ፤ ሁለቱንም አዳኝ ወደዳቸው። እኛ አሳጥረን ረጅሙና አጭሩ እንላቸዋለን። እርሳሳቸው በውፍረት አንድ ነው፤ ቂጣቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በቀለሁ ቁመት ብቻ ነው፤ ረጅሙ በትንሿ ጣት ውፍረት ያህል ይበልጣል።

ረጅሙ ባሩድ ይበዛዋል፤ ከባድ እርሳስ ይሸከማል፤ የተኳሹንም ትከሻ ይደቃል። አጭሩ ጠመንጃው አጠር ያለ ስለሆነ ገደል ለሚቧጥጥ ሰው ይመቻል፤ ለትከሻም ያዝናል። ይህን አልፎ የሚነገረው ሁሉ የጠጅ ቤት ክርክር ነው። ድኩላም ሆነ ነብር ከቦታው ላይ ከተመታ በየትኛው እንደሞተ አይጠይቅም።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ረጅሙን ጥይት በአጭሩ ጠመንጃ ላጉርስ ብትሉ አይገባም፤ መዝጊያው እምቢ ይላል። አጭሩ ግን በረጅሙ ጠመንጃ ገብቶ ይተኛል። መዝጊያው ይዘጋል፤ ቃታው ሲሳብም ይተኮሳል። ከፊቱ ክፍት ቦታ ስላለ ቀለሁ ይቀደዳል፤ እሳቱም አንዳንዴ ወደ አውሬው ሳይሆን ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ዝናር ጨምሩበት። እኛ ዘንድ ዝናር ሙሉ ሆኖ ነው የሚታጠቁት። አንዲት የጥይት ቤት ባዶ ሆና ከታየች «ምነው፣ ሸጦ በላ እንዴ?» ይባላል። የጎደለበት ሰው ዝናሩን አዙሮ ባዶውን ወደ ጀርባው ያደርግና ጋቢ ይደርብበታል። ኩሩ የሆነ ደግሞ ከወዳጁ፣ ከአበልጁ ጥይት ተቀብሎ ይሞላዋል። የተሰጠችው ጥይት የጠመንጃው ትሁን አትሁን ማንም አይመረምርም፤ ስጦታ አይመረመርም። ዝናር ላይ የሚታየው ቂጧ ብቻ ነው፤ ቁመቷን ቆዳው ደብቆታል። ታቦት ለማጀብ ለወጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ነብር ለመግደል ለወጣ ሰው ግን ሞቱን ወገቡ ላይ እንደመታጠቅ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። እንደኔ የግሼ ሰው ናቸው፤ ከራቤል በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የተወለዱት። እኔ ጎረምሳ ሆኜ መርሐቤቴ ወርጄ በአደን ድርጅቱ ሰፈር በቅሎ ጫኝ ሆኜ ስቀጠር፣ እሳቸው የዱካ ተከታዮቹ አለቃ ነበሩ። ከውጭ የሚመጡት አዳኞች ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርዱት በእሳቸው እግር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አባትህን አውቃቸዋለሁ። ሲሄዱ ድንጋይ አያንከባልሉም ነበር። አንተስ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው ዛሬ እናውቃለን» ብለው ከኋላቸው አስከተሉኝ። አሥር እርምጃ ሳንሄድ ድንጋይ አንከባለልኩ። ቆመው ድንጋዩ ታች ደርሶ እስኪያርፍ ድረስ አዳመጡት። ከዚያ ወዲህ እግሬን ሳላይ አልረገጥኩም።

የእሳቸው ትምህርት እንዲህ ነበር፤ ቃል አያባክኑም። በርኖሳቸው እጥፋት ውስጥ ያልተፈተለ የበግ ጸጉር ይይዛሉ። አፋፍ ላይ ስንደርስ ትንሽ ነጭተው ይለቁታል፤ ጸጉሩ ሲንሳፈፍ ነፋሱ ከላይ ወዴት፣ ከገደሉ ሥር ወዴት እንደሚነፍስ ያሳያቸዋል። በሸለቆ ውስጥ ነፋስ ሁለት ነው፤ ፊትህ ላይ የሚነፍሰው አውሬው ጋ አይደርስም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከበግ ጸጉር ነው የተማርኩት።

ዱካ ላይ የነብርን ስም አይጠሩም። «ባለጉዳዩ በዚህ አልፏል» ይላሉ። ኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተን ጸሐፊዋ «ባለጉዳይ መጥቷል» ስትል ሁለታችንም አንድ ላይ ወደ በሩ ዞር እንል ነበር።

ቁልቁል ለሚተኩስ ሰው ምክራቸው አንድ ናት፤ «ዝቅ አድርግ።» ወደ ገደል የተተኮሰ ጥይት ከታለመበት ከፍ ብሎ ነው የሚመታው። ስንት የተማረ አዳኝ በድኩላው ጀርባ ላይ አሳልፎ ድንጋይ ሲመታ አይቻለሁ። አውሬው ሳይታይ ጥይት አያጎርሱም፤ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ ዓይናቸውን ከእሱ አያነሱም። ጣታቸው ወደ ዝናሩ ሄዶ ጥይት አውጥቶ እስኪያጎርስ ድረስ ዓይናቸው ካለበት አይንቀሳቀስም። «ዓይንህን ከጥሻው ያነሳህ ዕለት ባለጉዳዩ ያንተን ጉዳይ ይጨርሳል» ይሉኝ ነበር። በዚህ ነገር አገር ያደንቃቸው ነበር፤ እኔም ተለማመድኩት። ይህን አደራ አስታውሱልኝ።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እጁ የተፈታ፣ አፉ ያልተገራ ሰው ነበር። ጠዋት ይሰድብሃል፤ ማታ በግ ያርድልሃል። አንድ ጊዜ ሁለት ጓደኛሞች ከውጭ መጡ፤ አንዱ ረጅሙን፣ ሌላው አጭሩን ይዟል። እራት ላይ የጀመሩት ክርክር ቁርስ ላይም አላለቀም። መጨረሻ ላይ በአስተርጓሚ ጋሽ ሸዋንግዛውን ጠየቁ። ጋሼ ደጃፍ ላይ ወደተሰቀለው ድኩላ እያመለከቱ «ለምን እሱን አይጠይቁትም?» አሉ። ሰዎቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ክርክሩም በዚሁ ቀረ።

ድርጅቱ ሲዘጋ ሁለታችንም ወረዳ ተቀጠርን። የድርጅቱ ረጅሙ ጠመንጃም በርክክብ አብሮን መጣ። እኔን ሞላሌ መደቡኝ። እዚያ ጠመንጃ አልያዝኩም፤ ሥራዬ የጓሳ ሣር ሳይፈቀድ የሚያጭዱትን መከልከልና ቀይ ቀበሮን ከውሻ መጠበቅ ነበር። ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። አለቃዬ ከምድጃ የማይርቅ ሰው ነበር፤ ሪፖርቱን ከእሳቱ ዳር እየጠየቀ እሱው ይሞላዋል፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ቀጥሎ መሐል ሜዳ ተዛወርኩና ከጋሽ ሸዋንግዛው ጋር እንደገና ተገናኘን።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

በዚያ ዓመት ጋሽ ሸዋንግዛው ብዙ ከተጠበቀች በኋላ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟን ጥሩወርቅ አሉ። በክርስትናዋ ዕለት ክርስትና አባቷ፣ የጋሼ የልብ ወዳጅ፣ ከራሱ ዝናር ጥይቶች አውጥቶ የጋሼን ዝናር ሞላላቸው። «ለልጄ አባት የጎደለ ዝናር አይገባም» አለ። እልልታ ሆነ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥምቀት መጣ፤ ጋሼ በዚያው ዝናር ታቦት አጀቡ። ታቦቱ በገባ ማግስት ከራቤል ሰው መጣ። ነብር አንድ ገበሬ ጉረኖው በር ላይ ትከሻውን ቦጭቆታል። ፈቃዱ ወዲያው ተጻፈ፤ ረጅሙን ጠመንጃ ይዘን ወረድን።

ነብሩን ዋሻ ሥር ካለ ጥሻ ተኝቶ አገኘነው። እኔ ከላይ ሆኜ ድንጋይ ልወረውር፣ ጋሼ ከጎን ሆነው ሊተኩሱ ተስማማን። በመጀመሪያው ተኩስ መቱት፤ ነገር ግን አልወደቀም፤ ተመልሶ ጥሻው ውስጥ ገባ። ከቆሰለ ነብር የከፋ ነገር የለም። ጋሼ ዓይናቸውን ከጥሻው ሳያነሱ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ፣ እጃቸውን ወደ ዝናሩ ላኩ፤ ጥይት አወጡ፤ አጎረሱ። ነብሩ ወጣ። ተኮሱ።

ድምፁ ልክ አልነበረም። ታፍኖ የፈነዳ ነገር ነው የሰማሁት። ጋሼ ፊታቸውን ይዘው ተንበረከኩ፤ ነብሩ በላያቸው ዘሎ ገደሉን ወረደ። ሮጬ ስደርስ ደሙ በጣቶቻቸው መሐል ይወርዳል። «አየኸው? ወዴት ሄደ?» አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ የሚጠይቁት ስለ ነብሩ ነው።

በቃሬዛ አወጣናቸው፤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ወሰድናቸው። ቀኝ ዓይናቸው አልተረፈም። ነብሩም አልሞተም፤ ቆስሎ አድኖ መብላት ስላቃተው ያን ዓመት የግሼን በግ ፈጀው።

ጠመንጃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከውስጡ የተቀደደ ቀለህ አወጣሁ። አጭሩ ነበር። ዓይናቸውን ከጥሻው ያለማንሳት ያ የሚደነቅ ልማዳቸው ያወጡትን ጥይት እንዳያዩት አደረጋቸው። ከክርስትናው ስጦታ አንዷ ናት።

ሆስፒታል ሄጄ ቀለሁን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። «ጋሼ፣ አጭሩ ነው» አልኳቸው።

ደባበሱትና መለሱልኝ። «ሲፈነዳ አጥሮ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀለህ ሲፈነዳ ይቀደዳል እንጂ አያጥርም።»

«አንተ ደጀኔ! የልጄ ክርስትና አባት በክርስትናዋ ዕለት የሰጠኝ ጥይት ዓይኔን አጠፋው ልበል? ያን ቃል ከአፌ አውጥቼ ልጄ በምን ትደግ? ጠመንጃው ነው የከዳኝ። አበቃ።»

አላበቃም። በየዓመቱ ለጥምቀት ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ያን ክርክር እናነሳዋለን። እኔ «ጥይቷ ናት» እላለሁ፤ እሳቸው «ጠመንጃው ነው» ይላሉ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «እናንተ ሰዎች ለዓመት በዓል ሌላ ወግ የላችሁም?» ይሉን ነበር። ክርስትና አባትየው ሞተ፤ ክርክሩ አልሞተም። ዝናሩም የተተኮሰው ተተክቶበት እንደሞላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ኖረ።

እሳቸው ባይቀበሉኝም እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። ተኳሽነቱ ለእኔ በተሰጠኝ ቀን የወይራ እንጨት ቀርጬ ረጅሙ ጥይት ልክ የሚገባበት ሰርጎድ ያለ መለኪያ ሠራሁ። አጭሩ ሲገባበት ይንኳኳል። ወደ ገደል ከመውረዳችን በፊት አብሮኝ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ዝናሩን ባና ላይ አስራግፈው ነበር። እያንዳንዷን ጥይት እለካለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ ሳቁብኝ፤ «ደጀኔ እንደ አቡጀዴ ጥይት በክንድ ይሸጣል» እያሉ ዘፈኑብኝ። ይዝፈኑ። በእኔ ዘመን ከገደል ዓይኑን ጥሎ የተመለሰ ሰው የለም፤ ይህ ለኔ ከሜዳልያ ይበልጣል።

ጥሩወርቅ አደገችና ስካውት ሆነች። እኔው ነኝ ያስተማርኳት። የአባቷን እግር ወርሳለች፤ ድንጋይ አታንከባልልም። ልቧ ደግሞ ከኔ ከአስተማሪዋ ይደነድናል። እኔ ጡረታ የምወጣበት ጊዜ ሲደርስ በእኔ ቦታ እሷ ተመደበች። ወረዳው ውስጥ «ሴት ነብር ልትገድል?» ያሉ አልጠፉም። 

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ እኔ ልወጣ ስል፣ ራቤል ላይ ነብር ተነሳ። መጀመሪያ በግ ወሰደ፤ ቀጥሎ እንጨት ለመልቀም የወጣች ሴት ላይ ወጣባት። ሴትየዋ ተርፋለች። አሮጌው ጠመንጃ ከተወገደ ቆይቷል፤ በትውስት ነበር የምንሠራው፤ አሁን ግን ከደብረ ብርሃን ሁለት ጠመንጃዎች በመኪና መጡና አንዱን ምረጡ ተባለ። አንዱ ረጅሙ፣ አንዱ አጭሩ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ብሩክ ወጣት ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። አስጠራኝና «ጋሽ ደጀኔ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«አጭሩን ውሰድ» አልኩት። «የሰው ሁሉ ዝናር የተደባለቀ ነው። ረጅም ጥይት በስህተት ቢመጣ አጭሩ ጠመንጃ አይቀበለውም፤ ተኳሹ ነብሩን ይስታል እንጂ ዓይኑን አያጣም። ረጅሙ ግን የመጣለትን ሁሉ ይጎርሳል።»

አሰበበት። ከዚያ «እውነትዎን ነው» አለ። «ግን መጋዘናችን ውስጥ ሳጥኑ ያልተከፈተ የረጅሙ ጥይት አለን። የአጭሩ አንድም የለንም፤ ጠይቀን እስኪመጣ ነብሩ ሌላ ሰው ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ለሟቹ ቤተሰብ ምን እላለሁ?»

 አጭሩ በምክንያት ይሻላል፤ ረጅሙ ግን በእጅ ያለ ነው። ተሸነፍኩ፤ በደንብ ተሸነፍኩ። «እንግዲያው ረጅሙ ይሁን» አልኩት፤ «ጥሩወርቅ ግን ከሳጥኑ ጥይት በቀር አንዲት እንኳ ሌላ ጥይት ይዛ አትወርድም። ይህን ካላረጋገጥኩ ጡረታዬንም አልወስድም።»

«እሱንማ ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለኝ።

መሥሪያ ቤቱ ጠመንጃ እንጂ ዝናር አይሰጥም። ጥሩወርቅ የምትታጠቀው የማንን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገኝም። ጋሽ ሸዋንግዛው ዝናራቸውን ከግድግዳ አውርደው ቅባት እንዳስቀቡት፣ በምትሄድበትም ቀን በጎረቤትና በነፍስ አባታቸው ፊት ሊያስታጥቋት እንደሆነ ሰምቻለሁ።

በቀኑ ወይራዬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ግቢው ሰው ሞልቷል። ጋሼ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀረችው ዓይናቸውም አሁን ደክማለች፤ ብርሃንና ጥላ ነው የምትለየው። ዝናሩ ጭናቸው ላይ ነው። ሙሉ ነው፤ አንድም ቤት አልጎደለም።

«ጋሼ፣ ከማስታጠቅዎ በፊት ይራገፍ» አልኳቸው።

 ዝናር በሰው ፊት ማራገፍ ማለት ባለቤቱን መፈተሽ ማለት ነው። ነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይሌ እንኳ «ደጀኔ፣ ዛሬ ባይሆንስ?» አሉኝ።

«ዛሬ ነው የምትወርደው መምሬ። ነገ ቢራገፍ ምን ይጠቅማታል?»

ጋሼ ቀና ሳይሉ «ያን እንጨትህን ይዘህ መጣህ?» አሉ።

«ይዣለሁ።»

«አንተ ለአባትየው አልበቃህ ብሎ በልጅየዋም ልትመጣ?»

«ለልጅየዋ ስል ነው የመጣሁት። ዓይኗ ያንቱ ዓይን ነው፤ አንዱ ጠፍቷል፤ ሁለቱን ደግሞ አልሰጥም!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አልጸጸትም። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ነበር የምጸጸተው።

ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ከቤት ወጣች። አባቷ እግር ሥር ተንበረከከችና «አባባ» አለች፤ «ያንቱን ዝናር ሳልታጠቅ ግሼ ብወርድ ማንም አይሰማኝም። አድቡ ስላቸው አያደቡም፤ ከኋላዬ ቁሙ ስላቸው አይቆሙም። ስለዚህ መታጠቁን እታጠቀዋለሁ። ሳይራገፍ ግን አልታጠቀውም። ጋሽ ደጀኔ ያስተማረኝ ይኼን ነው።»

  ወይራዬን ለጋሼ ላቀብል እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው እንጨትህን» አሉ።

ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ። ጥይቶቹን ከዝናሩ አንድ በአንድ እያወጡ አጠገባቸው ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቂጣቸው አቆሟቸው።  ዝናሩ ሲያልቅ መዳፋቸውን ዘርግተው በቆሙት ጥይቶች አናት ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት፤ ቡቃያ እንደሚዳብስ ገበሬ። እጃቸው ደርሶ ደርሶ አንድ ቦታ ላይ ጎደጎደ። ቆሙ። መልሰው ደባበሱ። እንደገና ጎደጎደ።

ከዚያች ቦታ አንዷን አነሱና በሁለት ጣታቸው መሐል አሻሿት። ቁመቷን በአውራ ጣታቸው ለኩ። ሌላ ረጅም አንስተው አስተያዩዋቸው። እኔ በየዓመቱ የነገርኳቸውን ነገር ያን ጊዜ ገና ጣታቸው ነገራቸው።

«ደግ ሰው ነበር» አሉ። ስለ ክርስትና አባቷ ነው የሚያወሩት። «ነፍሱን ይማር። ደግ ሰው ነበር። ጥይቱ ግን አጭር ነው።»

 እኔ የተሸነፈ ሰው ፊት ለማየት ነበር ያን ሁሉ ዘመን የተከራከርኩት፤ ሳየው ግን ደስ አላለኝም። ዓይኔን በጋቢዬ ጠረግሁ።

አጭሮቹን ሁሉ ለቅመው ለእኔ ሰጡኝ፤ ወረዳ አስረክብ አሉኝ። የቀሩትን ረጅሞችም አራግፈው ጥሩወርቅ ከሳጥኑ ያመጣችውን አዲሱን ጥይት ራሳቸው ቤት በቤት ሞሉ። ለአንድ ጉዞ የተፈቀደው ጥቂት ስለሆነ የዝናሩ ግማሽ ባዶ ቀረ። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ መቼስ ልማድ ነው፣ ከራሱ ወገብ ጥይት ነቅሎ «እኔ ልሙላላት» ብሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ!» አሉት ጋሼ።

ጥሩወርቅን አቆሟት፤ ዝናሩን በወገቧ ዙሪያ አዞሩት። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ባዶዎቹን ቤቶች ወደ ጀርባዋ ልታዞር እጇን ሰደደች። አባቷ እጇን ያዙት።

«ባዶው ከፊት ይሁን» አሏት፤ «ሰው ይየው።»